ሴሉ ተመርዞ እያለ አድሬናሊን ለምን ይለቃል? የተማሪዬ ጥያቄ

ታቦር ሥር | ማክሰኞ፣ ማታ 2፡15

ሰላም ለዚህ ቤት። እኔ ሐዋሳ ላይ ፊዚዮሎጂ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት ክፍል ውስጥ የተነሳ አንድ ጥያቄ ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሏል። ላብ ያላችሁ፣ ዋርድ ያላችሁ፣ የምታውቁትን አካፍሉኝ።

ርዕሱ አድሬናል ዕጢ ነበር። በየኩላሊታችን አናት ላይ እንደ ቆብ ጣል ያለችው ትንሽ ዕጢ። ሁለት ክፍል አላት። ውጪዋ፣ ኮርቴክሱ፣ ኮርቲሶልና አልዶስቴሮን የሚባሉ ሆርሞኖች ይሠራል። መሃሏ፣ ሜዱላው፣ አድሬናሊን ይለቃል። ውሻ ሲያባርራችሁ ልባችሁን ድው ድው የሚያደርገው ከዚያ የሚወጣው ነው።

ቦርዱ ላይ የዊልያም ዳግላስንና የሮናልድ ሩቢንን ሙከራ ሣልኩ። እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣ ሥራ ነው። የድመት አድሬናል ውስጥ በደም ፋንታ ጨዋማ ፈሳሽ ያሳልፋሉ። ከዚያ አሴቲልኮሊን ይጨምራሉ፤ ነርቩ ዕጢዋን የሚቀሰቅስበት ኬሚካል ነው። ዕጢዋ አድሬናሊኗን ትለቃለች። ቀጥለው ከፈሳሹ ውስጥ ካልሲየምን ብቻ ያወጣሉ። ያው አሴቲልኮሊን፣ ያው መጠን፣ ያቺው ዕጢ። ዝም! ካልሲየሙ ሲመለስ እሷም ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

እስከዚህ ክፍሉ ተከተለኝ። ቀጥዬ "ሳያናይድ" ብዬ ጻፍኩ። ሳያናይድ ሴሉ በኦክስጅን ኃይል የሚያመርትበትን መንገድ ይዘጋል። "አሁንስ ምን የምትሆን ይመስላችኋል?" ስላቸው ሁሉም "ትቆማለች!" አሉ። አትቆምም። ግሉኮስ እስካላጣች ድረስ ሳያናይድ ብቻውን ያን ያህል አይበግራትም።

ከኋላ ያለች ተማሪ እጇን አወጣች። "መምህር፣ ካልሲየም ስትነፈግ ቆማ፣ ተመርዛ ግን የምትሠራ ከሆነ፣ ኃይል አያስፈልጋትም ማለት ነው?"

የሆነ ነገር መለስኩላት። ቁጭ ስትል ግን ፊቷ እንዳልተዋጠላት ይናገር ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔም ራሴን አላሳመንኩትም። እናንተ ብትሆኑ እንዴት ታስረዷታላችሁ?


ሦስተኛ ዓመት | ማክሰኞ፣ ማታ 2፡40

መምህር፣ እኔም ያ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ሌላ ጥያቄ ልጨምር። እናቴ ለአጥንቷ የካልሲየም ክኒን ትወስዳለች። ካልሲየም አድሬናሊን የሚያስለቅቅ ከሆነ ክኒኑ ልብ ምቷን አይጨምርባትም?


ታቦር ሥር | ማክሰኞ፣ ማታ 3፡05

ጥሩ ጥያቄ ነው። አይጨምርባትም፤ እናትህ አይስጉ።

ነገሩ የሚወሰነው ካልሲየሙ የቱ ጋ እንዳለ ነው። ከሴሉ ውጭ፣ ፈሳሹ ውስጥ፣ በሊትር 1.2 ሚሊሞል ገደማ ነፃ ካልሲየም አለ። ሴሉ ውስጥ ግን ከዚያ 10,000 ጊዜ ያነሰ ነው። ሁልጊዜ ደጅ ላይ ተሰልፎ "ክፈቱልኝ" የሚል ሕዝብ አስብ። አሴቲልኮሊን ሲመጣ የሴሉ ሽፋን የኤሌክትሪክ ሁኔታ ይለወጣል፤ የካልሲየም በሮች ይከፈታሉ፤ ካልሲየም ግር ብሎ ይገባል። አድሬናሊን የያዙት ትናንሽ ከረጢቶች ከሴሉ ሽፋን ጋር ይዋሃዱና ሆዳቸው ያለውን ወደ ውጭ ይዘረግፋሉ።

ስለዚህ በሩ ካልተከፈተ ደጅ ያለው ሕዝብ ትንሽ ቢበዛም ለውጥ የለውም። ደግሞም የደም ካልሲየምን አንገታችን ላይ ያሉት ፓራታይሮይድ ዕጢዎች በጠባብ ክልል ውስጥ ይዘው ያቆዩታል።

ፖታሲየምም በዚሁ በር በኩል ነው የሚሠራው። ሙከራው ላይ የፈሳሹን ፖታሲየም ወደ 50 ሚሊሞል ብታደርሰው አሴቲልኮሊን ሳያስፈልግ ዕጢዋ ትለቃለች፤ ምክንያቱም ፖታሲየሙ ራሱ የሽፋኑን ኤሌክትሪክ ገልብጦ በሩን ይከፍተዋል። ካልሲየም ከሌለ ግን ፖታሲየሙም ከንቱ ነው። በሩ ወለል ብሎ ይከፈታል፤ የሚገባ የለም።


ላብ ሰው | ማክሰኞ፣ ማታ 4፡20

መምህር፣ ጥያቄው ደስ ስላለኝ ከሥራ ገብቼ እራቴን ሳልበላ ነው የምጽፈው።

ለተማሪዋ እንዲህ በሏት። እኛ ቤት እንጀራ በኤሌክትሪክ ምጣድ ነው የሚጋገረው። መብራት ሲጠፋ ግን ፆማችንን አናድርም፤ እናቴ ከሰል ታቀጣጥላለች። ሴልም እንደዚያ ነው። ማይቶኮንድሪያው፣ የሴሉ የኃይል ማመንጫ፣ መብራቱ ነው፤ ብዙ ኤቲፒ፣ ማለትም ሴሉ ለሥራው የሚያወጣውን የኃይል ሞለኪውል፣ ይሰጣል፤ ግን ኦክስጅን ይፈልጋል። ግሉኮስን ያለ ኦክስጅን መስበር ደግሞ ከሰሉ ነው፤ ትንሽ ቢሰጥም ያኖራል። ሳያናይድ መብራቱን ነው የቆረጠው። ከሰሉን አልነካም።

እኛ ላብ ውስጥ ሁለቱንም በየቀኑ በዓይናችን እናያለን። ግራጫ ክዳን ያለው ቲዩብ አለ አይደል? ለስኳር ምርመራ ደም የሚቀዳበት። ውስጡ ሶዲየም ፍሎራይድ አለው። ፍሎራይድ ኢኖሌዝ የሚባለውን ኢንዛይም ያስራል፤ ከሰሉን ያጠፋል ማለት ነው። የደም ሴሎቹ ግሉኮሱን እንዳይበሉት ነው። የሚገርመው ግን ወዲያው አያስቆማቸውም። የመጀመሪያውን አንድ ሁለት ሰዓት ስኳሩ መውረዱን ይቀጥላል። ስለዚህ "ግራጫ ቲዩብ ነው" ብሎ ናሙናውን መስኮት ላይ ማስቀመጥ ትክክል አይደለም።

ሌላው ፖታሲየም ነው። አንድ ጊዜ እሠራበት በነበረ ቦታ ማታ የተቀዳ ደም ሴረሙ (ፈሳሽ ክፍሉ) ከሴሎቹ ሳይለይ ፍሪጅ ውስጥ አደረ። ጠዋት ስሠራው ፖታሲየም 7.1 አነበበ። ደንግጬ ታካሚውን ልፈልግ ሄድኩ። ሰውየው አልጋው ላይ ተቀምጦ ሻይ በዳቦ እየበላ ነው! ልቡም ደህና ነው። ምንድነው የሆነው? ሶዲየምን አውጥቶ ፖታሲየምን የሚያስገባው ፓምፕ በብርድ ሥራ ያቆማል። ፖታሲየሙ ከሴሉ እየሾለከ ወጣ። ናሙናው ነው የታመመው፤ ሰውየው አልነበረም። አሁን የማስተምራቸውን ልጆች መጀመሪያ የምነግራቸው ይህንን ነው።

ሐምራዊ ክዳን ካለው ቲዩብ ወደ ቀዩ ደም የምትገለብጡም አላችሁ። እባካችሁ ተዉ። ሐምራዊው ውስጥ ያለው ኢዲቲኤ የፖታሲየም ጨው ነው፤ ካልሲየምንም ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። ውጤቱ ፖታሲየም ሰማይ፣ ካልሲየም መሬት ይሆናል። ሁለቱ አንድ ላይ እንደዚያ ከመጡ ከሕመም በፊት ቲዩቡን ጠርጥሩ።


የወንጂ ልጅ | ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡30

ስለ ፍሎራይድ ስትጽፍ ደነገጥኩ ወንድሜ። እኔ ያደግሁት አዳማ አጠገብ ወንጂ ነው። ጥርሴን ብታየው ቡናማ ነው፤ ከውሃው ፍሎራይድ የተነሳ እንደሆነ ተነግሮኛል። ታዲያ የእኔም ሴሎች "ከሰላቸው" ጠፍቷል ማለት ነው?


ላብ ሰው | ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡10

አይዞህ፣ አልጠፋም። ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው። ቲዩቡ ውስጥ በአንድ ሚሊ ሊትር ደም 2 ሚሊግራም ገደማ ሶዲየም ፍሎራይድ አለ። ፍሎራይዱ ብቻ በሊትር ሲሰላ 900 ሚሊግራም ይጠጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። የስምጥ ሸለቆ ጉድጓዶች ከዚያ ሊያልፉ ይችላሉ፤ ጥርስንና አጥንትን የሚጎዳውም እሱ ነው። ከጠጣኸው ውስጥ ደምህ ላይ የሚገኘው ግን ከቲዩቡ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ለጥርስህ ግን አዝናለሁ። ልጆች ካሉህ ውሃቸውን አስመርምር።


ሚድዋይፏ | ረቡዕ፣ ቀን 7፡45

እኔ ስለ አድሬናል ብዙ አላውቅም። ስለ ማግኒዥየም ግን ላውራ፤ ሥራዬ ነው።

ደም ግፊቷ ጨምሮ የሚያንቀጠቅጣት እናት ስትመጣ የምንሰጠው ማግኒዥየም ሰልፌት ነው። መጀመሪያ 4 ግራም በደም ሥር፣ ቀስ ብለን። ከዚያ በኋላ ከአጠገቧ አልለይም። ጉልበቷን በመዶሻ ነካ አደርጋለሁ፤ እግሯ ብድግ ካለ ደህና ነው። ትንፋሿን እቆጥራለሁ፤ በደቂቃ ከ16 በታች መውረድ የለበትም። ሽንቷን እለካለሁ። የጉልበቱ ምላሽ ከጠፋ ማግኒዥየሙ በዝቷል ማለት ነው፤ ቀጣዩ የሚቆመው ትንፋሽ ነው።

አልጋው ራስጌ ላይ ደግሞ አንድ አምፑል በፕላስተር ለጥፌ አስቀምጣለሁ። ካልሲየም ግሉኮኔት። ትንፋሽ ካነሰ 1 ግራም ቀስ ብሎ ይሰጣል። ጀማሪ ሳለሁ "ለምን ካልሲየም?" ብዬ ስጠይቅ "ማርከሻው ነው" ብለውኝ አለፉ። ለምን ማርከሻ እንደሆነ ዛሬ ነው የገባኝ፤ መምህሩ "በር" ሲሉ። ማግኒዥየም የካልሲየምን በር ይይዝበታል ማለት ነው? ነርቩ ጡንቻውን የሚያዝበትን ኬሚካል መልቀቅ ያቅተዋል?

ሌላም ልጠይቅ። ስናዋልድ ታፍነው የሚመጡ ሕፃናት አሉ። ኦክስጅን አጥተው እንኳ የልባቸው ምት እንደምንም የሚቆይ። እነሱስ አድሬናሊን የሚለቁት በምን ኃይል ነው?


ታቦር ሥር | ረቡዕ፣ ማታ 1፡50

እህቴ፣ ትክክል ነሽ። ለሃያ ተማሪ ስላይድ ካሳየሁት ያንቺ አምፑል ይበልጣል። በሚቀጥለው ክፍል በፈቃድሽ እናገረዋለሁ። አድሬናል ሜዱላውም ላይ ማግኒዥየም ሲበዛ የሚለቀቀው ይቀንሳል፤ ካልሲየም ሲጨመር ይመለሳል። አድሬናሊን የሚያመርት እብጠት በቀዶ ሕክምና በሚወጣበት ጊዜም ማግኒዥየም የሚሰጡ የማደንዘዣ ሐኪሞች አሉ፤ ምክንያቱ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ተማሪዬ ጥያቄ ልመለስ። ላብ ሰው ከሰልና መብራቱን አስቀምጦልኛል፤ ከዚያ ልነሳ።

ሩቢን እ.ኤ.አ. በ1969 ይህንኑ የኃይል ጥያቄ አንስቶ ሠርቶበታል። የዚያ ዘመን ሥራዎች አንድ ላይ ሲነበቡ መልእክታቸው እንዲህ ነው። መብራቱን ብቻ ቁረጥ፤ ዕጢዋ ትሠራለች። ግሉኮሱን ብቻ ንፈጋት፤ አሁንም ትሠራለች። ሁለቱንም ባንዴ ስትዘጋባት፣ ለምሳሌ ኦክስጅኑን ከልክለህ ከሰሉን የሚያጠፋውን አዮዶአሲቴት ስትጨምርባት፣ ያኔ ትደክማለች። ስለዚህ "ኃይል አያስፈልጋትም" አይባልም። ያስፈልጋታል፤ ግን ከሁለቱ መንገድ አንዱ ይበቃታል።

ከዚህ በላይ የሚያስደስተኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ፒተር ቤከርና ዴሪክ ናይት የበሬ ሜዱላ ሴሎችን በኤሌክትሪክ ምት ሽፋናቸውን በሱ። አሁን በር የሚባል ነገር የለም። የፈለጉትን ካልሲየም፣ የፈለጉትን ኤቲፒ በቀዳዳው ያስገባሉ። ካልሲየም ጥቂት ማይክሮሞል ሲደርስ አድሬናሊኑ ወጣ፤ ግን ማግኒዥየም ያለበት ኤቲፒ አብሮ ሲኖር ነው። ሁለቱም እንደሚያስፈልጉ ፊት ለፊት የታየው በዚያ ነው። (ሚድዋይፏ፣ እዚህ ላይ ልብ በይ። ከሴሉ ውጭ ሲበዛ በር የሚዘጋው ማግኒዥየም፣ ውስጥ ደግሞ የኤቲፒ ባልደረባ ነው። ያለ እሱ ኤቲፒ አይሠራም።)

ኋላ ላይ ሥራው በሁለት ደረጃ ተከፈለ። ኤቲፒ የሚያስፈልገው ከረጢቱን ለማዘጋጀት ነው። ከሽፋኑ ጋር አጠጋግቶ፣ አስተካክሎ፣ "ተነስ ስትባል ተነስ" ብሎ ለማስቀመጥ። የመጨረሻዋ ቅጽበት፣ ካልሲየም ገብቶ ከረጢቱ የሚፈነዳበት፣ አዲስ ኤቲፒ አትጠይቅም። ሂሳቡ ቀድሞ ተከፍሏል። ለተማሪዬ ያጣሁት መልስ ይህ ነበር። መርዙ ሲገባ ተዘጋጅተው የቆሙት ከረጢቶች አሉ፤ ካልሲየም ከመጣ እነሱ ይወጣሉ። የሚቋረጠው የቀጣዮቹ ዝግጅት ነው።

እንዲያውም መርዝ አንዳንዴ የሚለቀቀውን ይጨምረዋል። ዋባይን የተባለው ኬሚካል የሶዲየምና የፖታሲየምን ፓምፕ ያቆማል። ሶዲየም ሴሉ ውስጥ ይከማቻል፤ እሱን ተከትሎ ካልሲየምም ይጨምራል፤ አድሬናሊን ይወጣል። ላብ ሰው ፍሪጅ ውስጥ ያየው ፓምፕ ራሱ ነው።

የተወለደው ሕፃንም መልሱ እዚሁ ጎረቤት ነው። አዲስ የተወለዱ የአይጥ ግልገሎች ላይ እንደታየው፣ ወደ ሜዱላው የሚመጣው ነርቭ ገና ሳይጎለምስ፣ ሴሎቹ የኦክስጅን ማነስን ራሳቸው ያውቁታል። ኦክስጅን ሲያንስ የሽፋናቸው ኤሌክትሪክ ይለወጣል፤ የካልሲየም በር ይከፈታል፤ የተዘጋጀው ይለቀቃል። የሰው ልጅም በምጥ ጊዜ አድሬናሊንና ኖራድሬናሊኑ በብዛት ይወጣል። ሳንባው ውስጥ ያለውን ፈሳሽ ለማድረቅ፣ ልቡን ለማቆየት። ጠባብ መንገድ ላይ ለሚያልፍ ሰው ስንቁ ቀድሞ ተቋጥሮለታል።


የሌሊት ተረኛ | ረቡዕ፣ ሌሊት 6፡30

ዋርዱ ጸጥ ብሏል፤ ስለ ውጪው ክፍል ማንም ስላልተናገረ እኔ ልናገር።

ሜዱላው መሶብ ውስጥ እንጀራ ያስቀመጠ ቤት ነው። እንግዳ ሲመጣ ክዳኑን ከፍቶ ያቀርባል። ኮርቴክሱ ግን መሶብ የለውም። ኮርቲሶልም አልዶስቴሮንም ተከማችተው አይጠብቁም። ትዕዛዝ ሲመጣ ከኮሌስትሮል ተነስቶ ገና ይጋገራል። መጋገሪያው ደግሞ በአብዛኛው ማይቶኮንድሪያው ነው። ኮሌስትሮሉን ወደ ውስጥ የሚያስገባ ፕሮቲን አለ፤ ከዚያ የሚቀጥሉት ኢንዛይሞች ኦክስጅን ራሱን እንደ ግብዓት ይጠቀማሉ። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ እዚህ ቤት ከሰል አያድንም። ወደ ሜዱላው ስትጨምሩት "ብዙም አልበገራትም" ያላችሁት መርዝ እዚህ ምርቱን ያወርደዋል።

መድኃኒትም እንዲሁ። ኢቶሚዴት የሚባል ማደንዘዣ አለ። የኮርቲሶልን የመጨረሻ ኢንዛይም ያስራል። እ.ኤ.አ. በ1983 ስኮትላንድ አገር ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ለረጅም ጊዜ በተከታታይ የተሰጣቸው ሰዎች ሞት መጨመሩ ሲታይ ነው ነገሩ የተነቃበት። ለፈንገስ ይሰጥ የነበረው ኬቶኮናዞል ክኒንም በዚሁ መንገድ ይሄዳል።

ፖታሲየም ላይ ስንመጣ ኮርቴክሱ የሚገርም ነው። ሜዱላውን ለማንቀሳቀስ መምህሩ 50 ሚሊሞል አሉ። አልዶስቴሮን የሚሠሩት ሴሎች ግን ከተለመደው 3.5 እስከ 5 ባለው ውስጥ ትንሽ ከፍ ሲል፣ ገና ከአንድ ሚሊሞል ሳይበልጥ፣ ይሰሙታል። ሽፋናቸው ላይ የፖታሲየም ቀዳዳ ስለሚበዛ ኤሌክትሪካቸው የደሙን ፖታሲየም እንደ ጥላ ይከተላል። ትንሽ ከፍ ሲል የካልሲየም በር ይከፈታል፤ አልዶስቴሮን ይሠራል፤ ኩላሊት ፖታሲየሙን በሽንት ይጥላል፤ ሶዲየምን ያስቀራል። አንድ ቀዳዳ ሲበላሽ የሚመጣውንም አውቀናል። እ.ኤ.አ. በ2011 አልዶስቴሮን በሚያመርቱ የአድሬናል እብጠቶች ውስጥ የአንድ ፖታሲየም ቀዳዳ ጂን ተለውጦ ተገኘ። ቀዳዳው ሶዲየምንም ማሳለፍ ይጀምራል፤ ሴሉ ሁልጊዜ የተቀሰቀሰ ይመስለዋል፤ ግፊት ይጨምራል።

ለባልደረቦቼ አንድ ነገር ልለምን። ግፊቱ አልወርድ ያለ፣ ፖታሲየሙ ዝቅ ያለ ሰው ስታዩ አልዶስቴሮን ከመለካታችሁ በፊት ፖታሲየሙን አስተካክሉ። ዝቅ ያለ ፖታሲየም ራሱ አልዶስቴሮኑን ያወርደዋል፤ "ደህና ነው" ብላችሁ ትሸኙታላችሁ።


የታናሽ ወንድሟ | ሐሙስ፣ ጠዋት 4፡00

እኔ የሕክምና ሰው አይደለሁም። መናኸሪያ አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። የጻፋችሁትን ግማሹን አልገባኝም፤ ግን ፖታሲየምና ሶዲየም የሚለውን ሳይ እንባዬ መጣ።

ታናሽ ወንድሜ ለሰባት ወር ታመመ። ድካም፣ ማስመለስ፣ መክሳት። የሄድንበት ሁሉ "ጨጓራ ነው" ይባላል፤ ሽሮፕ ይዘን እንመለሳለን። እኔ ግን ሁለት ነገር አይ ነበር። አንደኛ መዳፉ ላይ ያሉት መስመሮች እየጠቆሩ ሄዱ፤ ድዱም። ፀሐይ ላይ የሚውል ልጅ አይደለም። ሁለተኛ ጨው። ሱቁ ውስጥ ጆንያው አፍ ላይ ቆሞ ጨው በጣቱ እየቆነጠረ ይልስ ነበር። ተቆጣሁት። "አንተ በሬ ነህ?" አልኩት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አንድ ቀን ከአልጋ ሲነሳ ወደቀ። ድንገተኛ ክፍል ያገኘችን ወጣት ሐኪም መዳፉን ገልብጣ ዓይታ "ከዚህ በፊት ቲቢ ታሞ ያውቃል?" አለች። ታሞ ነበር። ሶዲየሙ ወርዶ፣ ፖታሲየሙ ወጥቶ ተገኘ። ከኩላሊት በላይ ያለችው ዕጢ ተጎድታለች አለችን። መርፌውንና ግሉኮስ ያለበትን ሳላይን ሰቅላለት በማግስቱ ተቀምጦ አጥሚት ጠጣ። እኔ ሞቶ የተነሳ ነው የመሰለኝ።

አሁን በየቀኑ ክኒኑን ይወስዳል። አሁን የምጠይቃችሁ ዘመዶቻችን "ስቴሮይድ ሰውነት ይጎዳል፣ አስቁሚው" ይሉኛል። ላስቁመው?


የሌሊት ተረኛ | ሐሙስ፣ ቀን 6፡20

እህቴ፣ በፍጹም እንዳታስቆሚው። ስቴሮይድ ይጎዳል የሚባለው ዕጢው ደህና ሆኖ ከሚያስፈልገው በላይ ለሚወስድ ሰው ነው። ወንድምሽ የሚወስደው ዕጢው መሥራት ያቃታትን ነው። ካቆመው ያ የወደቀበት ቀን ተመልሶ ይመጣል።

ትኩሳት ወይም ሌላ ሕመም ሲይዘው መጠኑ ለዚያ ጊዜ እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት፤ ስንት እንደሆነ ሐኪሙ አስቀድሞ ይጻፍላችሁ። ካስመለሰውና ክኒኑ አልቀመጥ ካለው ቤት አትጠብቁ፤ መርፌ ያስፈልገዋል። የቲቢ መድኃኒት እንደገና ከጀመረ ደግሞ ለሐኪሙ ንገሪው። ሪፋምፒሲን ኮርቲሶልን ጉበት ውስጥ ቶሎ ቶሎ ያስወግዳል፤ መጠኑ መጨመር ይኖርበታል። ኪሱ ውስጥ "አዲሰን አለብኝ፣ ሃይድሮኮርቲሶን ስጡኝ" የሚል ወረቀት ይያዝ።

ጨው መላሱ ነውር አልነበረም። አልዶስቴሮኑ ስለጠፋ ሶዲየሙ በሽንት እየፈሰሰ ነበር፤ ሰውነቱ የጎደለውን እየፈለገ ነው። ቶማስ አዲሰን ይህንን በሽታ እ.ኤ.አ. በ1855 የጻፈው እንደ ወንድምሽ ያሉ የጠቆሩ፣ የደከሙ ሰዎችን ዓይቶ ነው። አንቺ መዳፉን ማየትሽ ትልቅ ነገር ነው። ራስሽን አትውቀሺ።


አሞራ ገደል | ሐሙስ፣ ማታ 12፡50

መምህር፣ እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ለልጆቹ በወረቀት ብቻ ለምን ታስተምራቸዋለህ? በዓሉ ደርሷል። እያንዳንዱ በግ ሁለት አድሬናል አለው፤ ሰው ከኩላሊቱ ስብ ጋር ይጥለዋል። ከኩላሊቱ ከፍ ብሎ ስቡ ውስጥ በጣትህ ዳብሰው፤ ባቄላ የሚያክል ጠንከር ያለ ነገር ታገኛለህ። ዋናው ቶሎ ማውጣት ነው። ቤቱ በርቀት ላይ ከሆነ በረዶ ላይ አድርጋችሁ አምጡት።


ታቦር ሥር | ከበዓል ማግስት፣ ማክሰኞ ማታ 3፡30

አሞራ ገደል፣ እግዜር ይስጥልኝ። አደረግነው።

እሑድ ጠዋት ጎረቤቴ በግ ሲያርድ አጠገቡ ቆምኩ። ኩላሊቱን ለዱለት ሊለይ ሲል "ስቡን ለእኔ" አልኩት። ሚስቱ ሳቀች፤ ሳህን ግን ሰጠችኝ። ጣቴን ስቡ ውስጥ ሰደድኩ። ለስላሳ፣ ሞቃት፣ ከዚያ ድንገት አንድ ጠጠር ያለች ነገር። ባቄላ። በምላጭ መሃል ለመሃል ከፈልኳት። ውጪዋ ጠቆር ያለ ቡናማ፣ መሃሏ ነጣ ያለ። ድንበሩ እንደ ተሰመረ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሳስተምረው እንዲህ አጥርቼ ዓይቼው አላውቅም።

ተማሪዎቹም አራት ይዘው መጡ፤ አንዱ በሻይ ብርጭቆ በበረዶ። ጓንት አድርገን ቀጫጭን ቆራርጠን ፖታሲየም ዳይክሮሜት ውስጥ ከተትን። ሳይንቲስቱ ሄንለ እ.ኤ.አ. በ1865 የዘገበው ነው፤ ዳይክሮሜቱ አድሬናሊኑን ሲያገኘው ያጠቁረዋል። ክሮማፊን የሚለው የሜዱላ ሴሎች ስም ከዚያ መጣ። ዛሬ ጠዋት ስንከፍተው መሃሉ፣ ያ ነጣ ያለው ክፍል፣ ጥቁር ቡናማ ሆኗል። የጎረቤቴ በግ ሳይለቀው የቀረው አድሬናሊን እዚያው እንዳለ ማለት ነው።

ከኋላ የምትቀመጠው ልጅ ብልቃጡን ወደ መስኮቱ አነሳች። ረጅም ሰዓት አየችው። "መምህር፣ እንስሳው ሞቶ፣ ኦክስጅኑም አልቆ፣ ይህ ሁሉ እዚህ ተቀምጦ ነበር" አለች።

"አዎ" አልኳት።

"ስለዚህ አሁን ሞቅ አድርገን ካልሲየም ያለበት ፈሳሽ ብናሳልፍበት ኖሮ..."

ትኩስ ዕጢ እንደሚያስፈልጋት ነገርኳት። ሐሙስ ጠዋት ቄራ ልንሄድ ተነጋግረናል። ሁለት ብልቃጥ ፈሳሽ ታዘጋጃለች፤ አንዱ ካልሲየም ያለበት፣ አንዱ የሌለበት። ላብ ሰው፣ ካልሲየሙን የምንለካበት ሬጀንት ካለህ ረቡዕ እመጣለሁ።


ላብ ሰው | ማክሰኞ፣ ማታ 3፡55

አለኝ። ከ11 ሰዓት በፊት ና። የምትጠቀሙት ውሃ ዲስቲልድ (በትነት የተጣራ) መሆኑን አረጋግጡ። ሲድኒ ሪንገር እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጀመሪያ የእንቁራሪት ልብ ላይ ሲሠራ ፈሳሹ የተቀላቀለው በለንደን የቧንቧ ውሃ ነበር። ልቡን ያቆየው ውሃው ውስጥ ያለው ካልሲየም መሆኑን ያወቀው በዲስቲልድ ውሃ ሲደግመው ነው። የእኛም ቧንቧ ካልሲየም አያጣም።